ከአምስተኛው ፎቅ የወደቀው ባለ ዋራንት

ከፈለ የተገኘው በረዶው ላይ በጀርባው ተንጋሎ ነው። ሌሊቱን አሜሪካ፣ ስልቨር ስፕሪንግ ከተማ ላይ የወረደው በረዶ የጤና አልነበረም፤ ሰማይ ቤት ያለው ወፍጮ ጆንያው የተቀደደበት ይመስል ነበር። ሊነጋ ሲል ግን ቀጥ ብሎ አባራ፤ ሰማዩ እንደ ታጠበ ብርጭቆ ጠራ፤ ነፋስ እንኳ አልነበረም። መጀመሪያ ያየችው ውሻዋን ልታናፍስ የወጣች ሴት ናት። ጩኸቷ ጎረቤት ሰፈር ዊተን ድረስ ተሰማ ይባላል። ውሻዋ ግን ትንፍሽ አላለችም፤ ቁጭ ብላ አምስተኛው ፎቅ ላይ ወዳለው ክፍት በረንዳ ሽቅብ ታይ ነበር።

በዚያው ቅጽበት፣ በዚያው ቤት በር ፊት፣ ሦስት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን ከካፖርታቸው ሥር ደብቀው ቆመዋል። የመጡት መርዶ ሊያረዱ ነው። የከፈለ እናት ደሴ ላይ አርፈዋል ተብሎ፣ ወሬው በሌላ በኩል ሳይደርሰው፣ ገና ጎህ ሲቀድ በሩን አንኳኩ። ደገሙ። ሦስተኛውን ሲያንኳኩ ከታች ጩኸቱ መጣ።

ፖሊሶቹ ነገሩን ለመቋጨት አልተቸገሩም። ከፈለ ቤንች ዋራንት ነበረበት፤ አሌክሳንድሪያ ፍርድ ቤት ተጠርቶ ስላልቀረበ ዳኛው «ይዛችሁ አምጡልኝ» ብለው ያዘዙበት ሰው ነበር። ወንዙን ተሻግሮ ሜሪላንድ፣ ስልቨር ስፕሪንግ ያለው ዘመዱ ዓብዩ ቤት ተሸሽጎ ከርሟል። ያንኳኩት ፖሊሶች መስለውት በበረንዳው ሊወርድ ሲል አዳለጠው። በቃ።

ለጋሽ ሥዩም ግን አልበቃም። መርዶውን መርተው የሄዱት እሳቸው ናቸው። ከሁለት ቀን በኋላ አሌክሳንድሪያ፣ ተናኘወርቅ ቢሮ ገቡ።

«ገዳይ ነኝ» አሉ፣ ገና ሳይቀመጡ።

ተናኘወርቅ አዲስ አበባ ሳለች የፖሊስ መርማሪ ነበረች። እዚህ አንድ ጠበቃ ጋ ተቀጥራ ዋራንት ታድናለች፤ የማን ዋራንት የትኛው ፍርድ ቤት እንደተኛ ፈልጋ ታገኛለች፣ ጠበቃው ዳኛው ፊት ቀርቦ እንዲያስነሣው ታሰናዳለች፣ ባለቤቱንም ለአዲሱ ቀጠሮ ጎትታ ታደርሳለች። ደንበኞቿ ወደ ኋላቸው እያዩ ነው የሚገቡት። አንዱማ የመኪናው የኋላ መብራት ተቃጥሎ በተሰጠው የቅጣት ቲኬት ሳይቀርብ ቀርቶ፣ የወንዙን ድልድይ ላለመሻገር ሲል የገዛ ልጁን ሠርግ ማዶ ካለው ፔትዎርዝ ሰፈር ሆኖ በስልክ ጨፍሯል። ምርቃቱ ላይ ሲደርስ ስልኩ ቻርጅ ጨረሰ። ዋራንቱ ከተነሣ ዓመታት አልፈውት ነበር፤ የነገረው ሰው አልነበረም። ዋራንት ያለበት ሰው ሳይሞት ጥላ ይሆናል፤ በግድግዳ ጥግ ይሄዳል፣ መብራት ሳያበራ ይበላል።

«ይቀመጡ፣ ጋሽ ሥዩም። ገዳይ ሻይ ይጠጣል?»

«አትቀልጂብኝ ልጄ። ያንኳኳችው ይቺ እጅ ናት።» ቀኝ እጃቸውን የሰው ዕቃ እንደሚመልስ ሰው ጠረጴዛው ላይ አኖሯት። «እንቅልፍ ሲወስደኝ ብቻዋን የራስጌውን እንጨት ታንኳኳለች። ባለቤቴ ፈርታ ክፍል ቀየረች። ነገ ቀብሩ ነው፤ አስከሬኑን ተሸከም ብለውኛል። የገደልኩትን ሰው እንዴት ብዬ ነው የምሸከመው?»

«ዋራንት እንዳለበት ያውቁ ነበር?»

«ከሚስቱ ተጣልቶ ነው የወጣው ሲባል ነው የምሰማው። ዋራንቱን ከፖሊሶቹ ሰማሁ።»

«የእናቱን ሞት ማን ነገረዎት?»

«ሃይማኖት፣ ሚስቱ። አብረን ልንሄድ ነበር፤ በረዶው ከአሌክሳንድሪያ አላስወጣትም።»

«ጩኸቱን ስትሰሙ ምን አደረጋችሁ?»

«ወረድን። ተመልሰን ከሕንፃው ማናጀር ጋር ወጣን፤ በቁልፉ ከፈተና ገባን። ማንም የለም፤ በረንዳው ብቻ ክፍት። ስንወርድ የከፈለ ጓደኛ ብስራት ከስፕሪንግፊልድ ደርሷል። ለማርዳቱ ከኛ ጋር ቀጠሮ ነበረው፤ በረዶው ነው ያዘገየው። እንደ ሕፃን ነው ያለቀሰ! አምቡላንሱን በሱ መኪና ተከተልነው። መከተል ከተባለ፤ በረዶውን በክንዱ ገፍፎ፣ መስታወቱን ፍቆ እስኪጨርስ እግሬ እንጨት ሆኖ ነበር።»

ተናኘወርቅ ለጋሽ ሥዩም ያልነገረቻቸው ነገር ነበራት።

ከፈለ የቢሮው ደንበኛ ነበር። ዳኛው ዋራንቱን አንሥተው አዲስ ቀጠሮ ከሰጡ ሳምንት አልሞላም፤ ፖሊሶቹ ገና አልሰሙም። ያንን በስልክ ያበሠረችው ራሷ ናት። ከፈለ «ታዲያ በር ሲንኳኳ መክፈት እችላለሁ ማለት ነው?» አለ። «ቀጠሮህን ጠብቅ እንጂ ለመጣው ሁሉ ክፈት» አለችው።

ክሱ የከፈለ መኪና አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንዲት አሮጊት ገጭቶ በመጥፋቱ ነው። ሴትየዋ ከወራት በኋላ ሞታለች። ሰሌዳው የከፈለ ስለነበር የተጠራው እሱ ነው። ለጠበቃው ግን «ተሳፍሬ ነበር እንጂ አልነዳሁም። የነዳውን ሰው ለዳኛው ብቻ ነው የምናገረው» ብሏል። ሴትየዋ ከመውደቋ በፊት በእሱ በኩል ያለውን መስታወት በእጇ እየመታች ነበር። ከዚያ ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር እሷ ትመስለዋለች።

«ጋሽ ሥዩም» አለች ተናኘወርቅ፣ ካፖርቷን እያነሣች። «እስከ ማታ ድረስ ገዳይ ነኝ አይበሉ። ማታ ለቅሶ ቤት እንገናኝ።»

ዓብዩ በዲቪ የመጣው ባለፈው ሰመር ነው። ሄርንደን፣ ኤርፖርቱ አጠገብ፣ የመኪና ማቆሚያ ቦታ የሌሊት ሺፍት ይሠራል። ተናኘወርቅን አፓርታማው በር ላይ ጠበቃት፤ ቀድሟት ግን አልገባም።

«ከዚያ ቀን ወዲህ መኪናዬ ውስጥ ነው የምተኛው፣ እትዬ ተናኜ። የበረንዳው መስታወት ላይ ያንኳኳል።»

«ማን?»

«ምን አውቄ? ኖክ፣ ኖክ፣ ኖክ።»

መጋረጃውን ገለጠች። ከላይኛው በረንዳ የተንጠለጠለ በረዶ እየቀለጠ ባልዲ ላይ ይንጠባጠባል። ባልዲውን በእግሯ ገፋ አደረገችው። ጸጥ አለ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ተሰማ። ተናኘወርቅ ወደ በሩ ተመለሰች።

ከቁልፉ በላይ አንዲት ወፍራም ሰንሰለት ተንጠልጥላለች፤ ከውስጥ የምትቆለፍ።

«ይቺን ማን ገጠማት?»

«ራሱ። እኔ ከሥራ ስመለስ እንኳ ሦስቴ ስሜን አስጠርቶኝ ነው የሚፈታት። ሻወር ሲገባ ሁለቴ ቼክ ያደርጋታል።»

«ማናጀሩ ሲከፍት በጠሳት እንዴ?»

«ኧረ ደህና ናት፤ ይኸው።»

ተናኘወርቅ ሰንሰለቷን በጣቷ አወዛወዘቻት። «የእናቱን ሞት ለሃይማኖት የነገርካት አንተ ነህ?»

«አዎ። ብስራት ኮል አደረገኝ። ከደሴ የከፈለን ቁጥር አጥተው ለሱ ነገሩት።»

«ደውለህ አጣራህ?»

«እንዴ እትዬ ተናኜ! ለቅሶ ቤት ደውዬ እውነት ሞቱ ወይ ልበል? ደግሞ ብስራትም እንዳትደውል አለኝ፤ ወሬው ዞሮ ሳይረዳ ለከፈለ ይደርሰዋል ብሎ።»

«ከፈለ ከሞተ በኋላስ?»

«ያማ ባሰ! በእናት ሐዘን ላይ የልጅ መርዶ እንዴት ይጨመራል? አርባቸው እስኪወጣ ማንም ደሴ እንዳይደውል ተባብለናል።»

ተናኘወርቅ አንገቷን ነቀነቀች። በዚህ አገር ሰው ሞተ ከተባለ ሁሉም ይደዋወላል፤ ከሟች ቤት በቀር። ሐዘንተኛው ደግሞ መጨረሻ ነው የሚሰማው። ይህን ሥርዓት የሚያውቅ ሰው፣ በሕይወት ያለውን ሰው ገድሎ ሳምንታት ሊያኖረው ይችላል።

«አሁን ደውል። የእናትየውን የራሳቸውን ስልክ።»

«የሟች ስልክ?» አለ ዓብዩ።

«ደውል አልኩህ።»

ስልኩ ጠራ። ደጋግሞ ጠራ። ከዚያ ተነሣ።

«ሃሎ… ከፌ ነህ? ምነው ጠፋህ ልጄ?»

ዓብዩ ስልኩን እንደ ፍም ወረወረው። ተናኘወርቅ ከምንጣፉ ላይ አነሣችው።

«እማማ የዓለምዘርፍ ነዎት?»

«ነኝ፤ ማን ልበል?»

«የከፈለ ወዳጅ ነኝ፣ ካሜሪካ። ደኅንነትዎን ልጠይቅ ብዬ ነው።»

«ተመስገን፤ ጉልበቴን ነው እንጂ ደኅና ነኝ። ልጄስ? በሕልሜ ደጄ ላይ ቆሞ አየሁት። ግባ ብለው፣ ብለው አልገባም አለኝ።»

ተናኘወርቅ ሌባ አይታለች፣ ነፍሰ ገዳይ አይታለች፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ግን ማንም ጠይቋት አያውቅም። «መስመሩ አይሰማም፣ እማማ» ብላ ዘጋችው። መስመሩ ጥርት ያለ ነበር።

ለቅሶው አሌክሳንድሪያ፣ ሃይማኖት የምትኖርበት ሕንፃ ምድር ቤት ባለው አዳራሽ ነው። ታጣፊ ወንበሮች በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል። አልቃሾቹ በሁለት ተከፍለው ግማሾቹ ለልጁ፣ ግማሾቹ ለእናትየው ያለቅሳሉ። ተናኘወርቅ ሃይማኖትን ወደ ኮሪደሩ ጠራቻት።

«ከፈለ ማታ ይነዳ ነበር?»

«ኧረ! ሲጨልም ዐይኑ አያይለትም። ማታ ማታ እኔ ነኝ የምነዳው።»

«አሮጊቷ በተገጨች ማታስ?»

«እኔ ሥራ ነበርኩ። እሱና ብስራት ሁለቱ ብቻ ሄርንደን ክርስትና ተጠርተው ሄዱ። ከዚያ ማታ ወዲህ ከፈለ ሰው አልሆነም። ጠየቅኩት፣ ለመንኩት፤ አይናገርም። ከቤቴ ውጣልኝ ያልኩት በዚህ ነው።» ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «ባለፈው ሳምንት ደውሎ ‹ቤቴ ልመጣ ነው፤ የበሩን ቁልፍ አልቀየርሽም አይደል?› አለኝ።»

«ምን አልሽው?»

«ቀይሬዋለሁ አልኩት። ውሸቴን እኮ ነው፣ እትዬ ተናኜ። ውሸቴን።»

በአዳራሹ ከሁሉ በላይ የሚሯሯጠው ብስራት ነው። ወንበር ይደረድራል፣ አሮጊቶችን ይደግፋል፣ ውኃ ያድላል። ለተናኘወርቅም አንድ ጠርሙስ ይዞ መጣ።

«አንተም አልተኛህም መሰል» አለችው።

«ማን ይተኛል? ወንድሜ እኮ ነው።»

«ያን ዕለት ከስፕሪንግፊልድ በዚያ በረዶ መንዳቱ!»

«አይነሣ! ቤልትዌይ፣ ቀለበት መንገዱ ላይ፣ እንደ ቀንድ አውጣ ነው የተሳብኩት። መስታወቱ በረዶ እንዳይዝብኝ ሂተሩን እስከ ጥግ ለቅቄ፣ ፊቴ ሊበስል ነበር።»

«በመንገድ አልቆምክም?»

«የት ልቁም? ቀጥታ። እንደደረስኩ የመኪናዬን በር እንኳ ሳልዘጋ ነው የሮጥኩት።»

«አይዞህ» አለችና ውኃውን ተቀበለችው። አልጠጣችውም።

ሲመሻሽ የአዳራሹን በር ዘጋች። በሩ አጠገብ አንድ ወፍራም ሰው ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል፤ የስልቨር ስፕሪንግ ፖሊስ መርማሪ ነው፤ የምታውቀውን ሁሉ ቀድማ ነግራዋለች።

«ለእማማ የዓለምዘርፍ የምታለቅሱ» አለች ጮክ ብላ፣ «አቁሙ። በሕይወት አሉ። ዛሬ አነጋግሬያቸዋለሁ።»

አንዷ አልቃሽ ዜማዋን ከመሐል ሰብራ፣ አፏን እንደከፈተች ቀረች። ሌላዋ አማተበች፤ ከጎኗ ያለችውም እንደ ተዛመተባት አማተበች።

«ዓብዩ ምስክሬ ነው። ስለዚህ መርዶው ሐሰት ነበር። ጋሽ ሥዩም ከሃይማኖት ሰሙ፤ ሃይማኖት ከዓብዩ፤ ዓብዩ ከብስራት። ከብስራት በላይ ግን ማንም የለም።»

«ሰው ደወለልኝ!» አለ ብስራት። «ዘመድ ነኝ ያለ ሰው! እኔም ተታልዬ ነው!»

«ይሆናል። ለጊዜው እናቆየው። አሁን ከፈለ ለምን ሸሸ? ፖሊስ መስሎት ነው ተባለ። ዋራንቱ ግን ተነሥቶ ነበር። የነገርኩት እኔ ነኝ፤ ተደስቶ ነበር።»

ብስራት የያዘውን ጠርሙስ አስቀመጠ። ሊያስቀምጠው የፈለገው ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ወለሉ ላይ ወደቀ።

«ዋራንት የሌለበት ሰው በማንኳኳት አይደነብርም። በሩ ላይ ያለችው ሰንሰለትም ይህንኑ ነው የምትለው። ከፈለ ሻወር ሲገባ እንኳ ሁለቴ ያያታል። በበረንዳ የሚሸሽ ሰው መጀመሪያ ሰንሰለቱን ይፈታል? ማናጀሩ ግን በቁልፍ ብቻ ከፍቶ ገባ፤ ሰንሰለቷም አልተበጠሰችም። እንግዲህ አንድም ራሱ ከፈለ ሊከፍት ፈትቷታል፣ አንድም ከሱ በኋላ፣ ሽማግሌዎቹ ሲወርዱ፣ ሰው በበሩ ወጥቷል። በሁለቱም ቢሆን ሽሽት የለም።»

«ሊከፍት?» አሉ ጋሽ ሥዩም።

«እዚያ ቤት ማን ነበር? ዓብዩ ሺፍት ላይ ነው፤ አሠሪው አረጋግጦልኛል። ሃይማኖት በረዶው ከዚህ አላስወጣትም። ሽማግሌዎቹ በር ላይ ናቸው። ብስራት ከስፕሪንግፊልድ እየነዳ ነው፤ ሂተሩን እስከ ጥግ ለቅቆ። ጋሽ ሥዩም፣ አምቡላንሱን ልትከተሉ ስትነሡ ምን ጠበቃችሁ?»

ሽማግሌው በዝግታ ዞሩ። «በረዶውን እስኪገፍ… መስታወቱን እስኪፍቅ።»

«በረዶው ሊነጋ ሲል አባርቷል። ከስፕሪንግፊልድ ያን ሁሉ መንገድ ሲሞቅ የመጣ መኪና መስታወቱ ይፋቃል? በክንድ የሚገፈፍ በረዶስ ከየት ያመጣል? ያ መኪና ሌሊቱን ሙሉ እዚያው ሕንፃ ሥር ቆሞ ነው ያደረው። ባለቤቱ ደግሞ ላይ፣ ከከፈለ ጋር።»

«ለምን?» ሃይማኖት ከወንበሯ ተነሣች። «ምን አደረገው?»

«ከሄርንደን ክርስትና ስትመለሱ የነዳው ማን ነው፣ ብስራት? ከፈለ በጨለማ አያይም። ከሁለታችሁ ሌላ መኪናው ውስጥ ሰው አልነበረም።»

ብስራት በሩን አየ። ባለ ባርኔጣው ሰው ቆሟል። ብስራት ግድግዳው ሥር ቁጭ አለ፤ ሲናገር ድምፁ ከሌላ ክፍል የሚመጣ ይመስል ነበር።

«ሄጄ እጄን እሰጣለሁ፣ እውነቱን እናገራለሁ አለኝ። ‹ሴትየዋ አታስተኛኝም› አለኝ። እኔንም እኮ አታስተኛኝም! ግን አሮጊቷ ሞታለች፤ ዕድሜ ልክ እስር ቤት ልግባ? እዚያ ያደርኩት፣ ሽማግሌዎቹንም በሐሰት መርዶ ያስላክኋቸው፣ ሲንኳኳ ፖሊስ መስሎት ደንግጦ በረንዳ ይወጣል፣ ትንሽ ገፋ ማድረግ ብቻ ይበቃዋል ብዬ ነበር። አልደነገጠም። በር ሲንኳኳ ሳቀ። ‹አትፍራ፣ ዋራንቱ ተነሥቷል፤ እንግዳ ነው፣ ልክፈት› ብሎ ሰንሰለቷን ፈታ።»

«ከዚያስ?»

«ቀስ ብዬ… ‹መጀመሪያ ና እይ፣ የማን መኪና ነው ታች ያለው?› አልኩት። እሺ ብሎ መጣ።»

ሃይማኖት አልጮኸችም። ሄዳ ፊቱ ቆመች፤ ብዙ አየችው፤ ከዚያ ነጠላዋን ከትከሻዋ ገፍፋ እንዳታየው ፊቱ ላይ ጣለችበት። መርማሪው ይዞት ሲወጣ ነጠላው መሬት ለመሬት ተከተለው።

ሰው ሲበተን ጋሽ ሥዩም አልተንቀሳቀሱም። ተናኘወርቅ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«እርስዎ አልገደሉትም፣ ጋሽ ሥዩም።»

«አዎ» አሉ። «ሊከፍትልኝ እየመጣ ነበር። ሁለተኛውን ሳንኳኳ ከበሩ ወዲያ ቆሞ ነበር ማለት ነው።» እጃቸውን አዩት። «ትንሽ ቀደም ብዬ ስሙን ጠርቼው ቢሆንስ? ለመርዶ ሲኬድ ስም አይጠራም ብዬ ዝም አልኩ እኮ።»

ተናኘወርቅ ያቺን እጅ በሁለት እጇ ያዘቻት።

«ነገ እሸከመዋለሁ» አሉ። «ከቀብሩ በኋላ ደሴ እሄዳለሁ።»

«በዚህ ዕድሜዎ?» አለች ሃይማኖት። «ለዘመድ ተደውሎ የዚያው አገር ሽማግሌ ይላክ እንጂ።»

«በስልክ አይሆንም። በስልክ እሳቸውን ገደልናቸው፤ በስልክ ልጃቸውን አንገድልባቸውም። ልጅዎ ሞቷል የሚላቸውን ሰው ዐይን ማየት አለባቸው። እውነት ነው ወይ ብለው ይጠይቁኛል። ያየሁ ነኝ፤ እመልስላቸዋለሁ።»

ዓብዩ ስልኩን አውጥቶ የአውሮፕላን ትኬት መፈለግ ጀመረ። «መመለሻውን መቼ ላድርገው፣ ጋሽ ሥዩም?»

ሽማግሌው ካፖርታቸውን ቆለፉ።

«በቃህ፣ ሂድ ሲሉኝ።»